ጦስኙ የሳሳበት ሽቶ

ጥር 21

እናቴ ዛሬ «ልጄ ቀጠነ» አለች።

«ማን?» አልኳት።

«አሁን ያለፈው» አለችኝ፤ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች በአገጯ ወደ መንገዱ እያመለከተች።

ይህን ደብተር የምጽፈው ለንግዴ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የጻፍኩትን ነገ ሳነበው ግራ እንዳይገባኝ ከሥሩ ልጀምር። የምሸጠው ሽቶ ብዙ ዓይነት ነው፤ ሱቄን ያስጠራው ግን አንዱ ነው። የወንድ ነው፤ የቀን ነው፤ የሙቀት ጊዜ ነው። ናና፣ የሎሚ ልጣጭ፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ከሥሩ ጥቂት የዝግባ እንጨት። በብርድ ቢቀቡት ዝም ብሎ ይተኛል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ከአንገት ሥር ብድግ ይላል፤ አሁን ገና ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ የወጣ ሰው ይሸታል። ለዚህ ነው «ቀትር» ብለን ስም ያወጣንለት።

የሚቀምመው ታናሽ ወንድሜ ነው። የጎረቤት ድስት ሳይከፈት ምን እንደተሠራ ይናገር ስለነበር ከልጅነቱ ጀምሮ አፍንጮ ነው የምንለው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአክስታችን ልጅ ጋር ባሕር ተሻገረ። ሁለቱም አንድ የሽቶ መቀመሚያ ቤት ተቀጠሩ፤ አንድ ክፍልም በጋራ ተከራዩ። ቀትርን በትርፍ ሰዓቱ እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ይቀምማል። የአክስቴ ልጅ ያሽጋል፣ ይልካል፣ ደብዳቤም ይጽፋል። አፍንጮ ደብዳቤ አይጽፍም፤ «እጄ ለብዕር አልተሠራም» ይላል። ሰላምታው የሚመጣልን በአክስቴ ልጅ ብዕር ነው።

የምንኖረው ከሱቁ በላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከየቢሮው፣ ከየጋራዡ ወንዱ ለምሳ ይወጣል፤ ከሦስቱ ሁለቱ የኔ ደንበኛ ነው። ያን ጊዜ ሽታው ከመንገዱ ተነሥቶ በረንዳችን ላይ ይወጣል። እናቴም «ልጄ አለፈ» ትላለች። በየቀኑ። መጀመሪያ ያስቀን ነበር። አንድ ልጇን ለመንገዱ ወንድ ሁሉ በብልቃጥ እንዳካፈልኩባት የገባኝ ቆይቶ ነው።

አዲሱ ሳጥን የመጣው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። አርባ ስምንት ጠርሙስ፤ ሠላሳው ተሸጧል። ዛሬ የሚያልፉት ሰዎች አዲሱን የተቀቡ ናቸው።

ልጄ ቀጠነ አለች። ሽቶን እንደዚያ ብሎ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጥር 22

(ቅጂ)

ለወንድሜ ለአክስቴ ልጅ፣

ይህች ወረቀት እጅህ እስክትገባ ጤና አይለይህ፤ ጠርሙሱም እጅህን አይቁረጠው። እኛ በጎ ነን። እናቴ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም አፏ ደህና ነው፤ ትመርቅሃለች፣ ስላልጻፍክላት ደግሞ ትወቅስሃለች።

ሳጥኑ በሰላም ደርሷል። ሙቀቱ በርትቶ ስለሚቆይ ለሚቀጥለው ስልሳ ጠርሙስ አድርጉልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚህኛው ላይ ጦስኙ የሳሳ መሰለኝ። የቅጠሉ ጉድለት ነው ወይስ አፍንጮ ሐሳቡን ለወጠ? እናቴ እንኳ ከበረንዳ ሆና አውቃዋለች። ምን እንዳለ ጠይቀህ ጻፍልኝ። እሱንም ሳምልኝ፤ አንገቱን ሲስሙት እንደማይወድ እያወቅህ ሳመው።

ታላቅ እህትህ

የካቲት 12

ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ በፊት የአክስቴን ጉልበት ይማርልኝ፤ ለአንቺም ዕድሜና ብርታት ይስጥልኝ። እኔ ሥራው ቢበዛብኝም ደህና ነኝ።

ስለ ጦስኙ ያልሽው ልክ ነው። ቅጠሉን የሚሸጥልን ሰውዬ ሥራውን ለልጁ አስረክቦ አረፈ፤ የልጁ ቅጠል እንደ አባቱ አይደለም። ስልሳውን እናደርሳለን። አፍንጮም ደህና ነው፤ ሰላም በልልኝ ብሏል። በጣም ሰላም ብሏችኋል።

ከዚህ ጋር ለአክስቴ የጉልበት ቅባት ሁለት ቱቦ ልኬያለሁ። ጠዋትና ማታ ትቀባ።

ታናሽሽ

የካቲት 20

ቅባቱን ማንም አልጠየቀውም። አቅራቢ ያልታዘዘውን ምርቃት ሲጨምር እኔ መጀመሪያ የታዘዘውን ደግሜ እቆጥራለሁ።

ጠዋት የፊት ለፊቱ ልብስ ሰፊ መጣ፤ የገዛውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጎ አስቀመጠው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ መጨመር ጀመርሽ?»

«ውሃ ቢገባበት ይደፈርስ ነበር። ዓይን የለህም?»

«በዓይኔማ መርፌ ውስጥ ክር አስገባበታለሁ። አፍንጫዬን ነው ያስቀየምሽው። ባለቤቴ ዛሬ ምን አለችኝ መሰለሽ? ሳትታጠብ ነው እንዴ የምትወጣው?»

«ታጥበህ ነበር?»

«እሱን ተይው። የድሮው ግማሽ ቀርቶኛል፤ ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ። ይህን ግን መልሺልኝ።»

ገንዘቡን መለስኩለት። ሲወጣ ሱቁን ዘጋሁ።

ከየሳጥኑ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ሳልሸጥ አስቀራለሁ፤ ቀኑን ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ አኖረዋለሁ። ደንበኛ ቢያማርር ማስረጃ እንዲሆነኝ ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱን በተርታ ደረደርኩት። በወረቀት ቁራጭ እየነከርኩ፣ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ እያስመታሁ፣ በየመካከሉ ንጹሕ አየር እየሳብኩ ሞከርኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጦስኙ ከሳጥን ሳጥን እየበረታ ይሄዳል። ባለፈው ኅዳር የመጣው ከሁሉም ከባድ ነው፤ ናናውን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። ያኔ የወንድሜ እጅ ደፈረ ብዬ ነበር። ገበያው ወዶታል፤ እኔም ገበያው የወደደውን አልከራከርም።

በጥር የመጣው ብልቃጥ ግን ከኅዳሩ ጋር አይገናኝም። የሚመስለው የመጀመሪያውን ዓመት ነው። አፍንጮ በቃሉ እየተናገረ የአክስቴ ልጅ የጻፈው የአቀማመሙ ወረቀት አንዱ ቅጂ እኔ ጋ አለ፤ ቁጭ ብዬ አነጻጸርኩት። ልክ ነው። ናናውም፣ በሶብላውም፣ ጦስኙም እንደተጻፈው ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀትር ስሕተት የለበትም።

አፍንጮ በወረቀት ቀምሞ አያውቅም። የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች በአፍንጫው ነው የሚጨርሳቸው።

ይህን የሠራው ማን ነው?

የካቲት 22

(ቅጂ)

ለወንድሜ ለአክስቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምክ? ያንተ ደህንነት ለእኛም ደህንነት ነው። እናቴ ቅባቱን ወዳዋለች፤ «የእህቴ ልጅ እጁ አይንጠፍ» ብላለች።

ሁለት ጉዳይ አለኝ። አንደኛ፣ አፍንጮ ትቶት የሄደው የብረት ሳጥን ቁልፉ ጠፍቶብናል፤ አይጥ የገባበት ይመስላል። ልስበረው ወይስ እሱ እስኪመጣ ይቆይ? የራሱ ዕቃ ነውና ራሱ ይወስን። ሁለተኛ፣ ለእናቴ በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍላት። ፊደሉ ቢንጋደድ ግድ የላትም።

ስልሳው ቢዘገይ አልቸኩልም።

ታላቅ እህትህ

መጋቢት 25

ለማከብርሽ እትዬ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ፈጣሪ ቤታችሁን በጤና ይሙላው።

ስለ ሳጥኑ ነግሬዋለሁ፤ ትስበረው ብሏል። ውስጡ ያለው የልጅነት ዝባዝንኬ ስለሆነ አታስቢ። መጻፉን ግን ጠርሙስ ቀኝ እጁን ስለቆረጠው አልቻለም፤ በፋሻ ተጠቅልሏል። አደገኛ ቁስል አይደለም፣ አትደንግጡ። ሲሻለው ይጽፋል።

ስልሳው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ለአክስቴም ሦስት ቱቦ ጨምሬያለሁ።

ታናሽሽ

ሚያዝያ 2

አፍንጮ የብረት ሳጥን ኖሮት አያውቅም።

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዕቃ ጠፋ ሲሉኝ እንደማደርገው ሁሉ የሚሆነውን በልቤ ቆጠርኩ። ወይ ተጣልተው ተለያይተዋል፤ ወይ ታስሯል፤ ወይ ታሞ ተኝቷል። አራተኛውን አልቆጠርኩትም።

ሁለት ጊዜ ወደ በረንዳው ወጥቼ ምንም ሳልል ወረድኩ። ሁለተኛው ላይ እናቴ «ምን ረሳሽ?» አለችኝ። «መቀሱን» አልኳት። መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 3

(ቅጂ)

ለወንድሜ ለአክስቴ ልጅ፣

ጤናህን እንደምመኝልህ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ሰላምታውን አላስረዝመውም።

አፍንጮ ሳጥን የለውም። ልጅም ሆኖ አልነበረውም። በጥር የላክኸውን ሽቶ የቀመመው እሱ አይደለም፤ አሁን የመጡትንም ስልሳዎቹን እንደዚያው። ይህን የምልህ ልከስህ አይደለም። አውቅሃለሁ፣ እጅህ ንጹሕ ነው፤ የዋሸኸኝም ፈርተህ እንጂ ልትጎዳኝ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ወንድሜ በሕይወት አለ ወይ? በአንድ ቃል መልስልኝ። ለእናቴ መንገሩ የኔ ሸክም ነው፤ እሱን ለእኔ ተወው።

ታላቅ እህትህ

ሚያዝያ 29

መልስ የለም። ፖስታ ቤት ስድስት ጊዜ ሄጄያለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ገና ከበር ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ወረፋ እንዳልይዝ አዝናልኝ ነው።

አሁን የሚያልፈው ሰው በሙሉ አዲሱን ተቀብቷል። እናቴ «የምሳ ሰዓቱ ሰው እንግዳ ሆነብኝ» ትላለች። በረንዳው ላይ መቀመጧን ግን አልተወችም። በትክክል ስድስት ሰዓት ወንበሯን ታስጠጋለች፤ አገጯን ብረቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ያልፋሉ። ትንሽ ቆይታ ወንበሯን ትመልሳለች።

ዛሬ ግን ድንገት ተነሣች። ጉልበቷን አልያዘችም፣ ግድግዳውንም አልተደገፈችም። ዝም ብላ እንደ ወጣት ብድግ አለች። «መጣ» አለች።

ሽታው ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ከባድ ጦስኝ፣ ከሥሩ ናና፣ ልክ እንደ ኅዳሩ። ከታች ማንም ደረጃውን እየወጣ አልነበረም። በበሩና በበረንዳው መካከል ቆሜ በሩን እያየሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ከዚያ አጎንብሼ ወደ መንገዱ አየሁ። ልብስ ሰፊው ነው። ያስቀመጠውን ግማሽ ጠርሙስ ከፍቶ ሥራ ሊረከብ ይሄዳል። ቀና ብሎ ሁለታችንንም ሲያየን ግራ ገባው፤ እጁን አንሥቶ ሰላም አለን።

እናቴ መልሳ ሰላም አለችው። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷን ያመማት ያኔ ነው።

ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ፤ ሽታ ያለ ምክንያት አይመጣም። ሆኖም ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ከደረጃው በኩል ያለውን በር ከፍቼው ዋልኩ።

ግንቦት 8

ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ስጀምር እጄ ይታሰርብኛል፤ ዘለልከው አትበይኝ።

የለም። አፍንጮ የለም። ያለፈው መስከረም 19 ቀን ማክሰኞ ነው ያረፈው።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ፤ እሱ ዕረፍቱ ነበር። ቀትርን ሊቀምም ተቀመጠ። ሲቀምም መስኮት እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ፤ ነፋስ ሽታውን እንዳይወስድበት። ውሃም አፍልቶ ምድጃውን አጥፍቶ ነበር። የጋዙ ጎማ ተሰንጥቆ ኖሯል። ከሁለት ፎቅ በታች የምትኖረው አከራያችን ሸቷት ነው እየጮኸች የወጣችው። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ገና ከመንገዱ ሸተተኝ፣ እትዬ። ሁለት ፎቅ በታች ያለች ሴት የሸተታት፣ ከመንገድ የመጣሁት የሸተተኝ፣ እሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አልሸተተውም። ወንበሩ ላይ ነበር። ብልቃጡ በእጁ ነበር፤ አልፈሰሰም።

ያኔ ነው የገባኝ። አፍንጮ ማሽተት ካቆመ ቆይቷል። በመቀመሚያ ቤቱ ጠርሙስ በሚታጠብበት ክፍል አራት ዓመት ሠርቷል፤ እዚያ ያለው የማጠቢያ ኬሚካል አፍንጫ ይበላል። ሌሎቹ ቦታ እየቀየሩ ይወጡ ነበር፤ እሱ አልቀየረም። ለምን እንዳልቀየረ አላውቅም። ምናልባት አንድም ቀን ማሽተት አቃተኝ ብሎ መናገር አልቻለም ይሆናል። ስሙ አፍንጮ ነው።

ጦስኙን መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምረው፣ እስኪሸተው ድረስ። እየደከመ ሲሄድ ጠብታው በዛ። ጠብታውን ይመዘግብበት የነበረው ማስታወሻው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ አርባ፣ አርባ ስድስት፣ ሃምሳ አምስት፣ ሰባ። ጨርሶ ሲጠፋበት ምን አድርጎ እንደነበር አሁን አውቄያለሁ። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብለት ሁልጊዜ «ስለ ጦስኙ ያለችውን ድገምልኝ» ይለኝ ነበር። እኔ ምስጋናሽን መስማት ወዶ ነው ብዬ እስቅበት ነበር።

ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆነን ቀበርነው። ያን ቀን የቀመመውን አርባ ቀን በጨለማ አስቀምጬ አጣርቼ ላክሁልሽ፤ የኅዳሩ እሱ ነው። ልጽፍልሽ አራት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ለጥር ላክልኝ የሚለው ደብዳቤሽ መጣ፤ እኔም ወረቀቱን አይቼ ቀመምኩ። አንድ ጊዜ ከላክሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ቅባቱንም የላክሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ የምልከው ስላልነበረኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ግን ጻፊልኝ።

ታናሽሽ

ግንቦት 19

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አንድ መምህር ገብቶ የልብስ ሽቶ ጠየቀኝ፤ ሸጥኩለት፤ መልሱንም በትክክል ሰጠሁት።

ከዚያ ይህንኑ ደብተር ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩት ቅጂ ይኸውና፦ «ጦስኙ በርትቷል፤ ገበያው ወዶታል፤ ለአፍንጮ እንዲሁ ይቀጥል በለው።» ባለፈው ዓመት፦ «አሁንማ ከሩቅ ይታወቃል፤ እጁ ተባርኳል በለው።» በሐምሌ፦ «ከዚህ አይቀንስ።»

አፍንጫ አለኝ። በዚህ ከተማ ከኔ የተሻለ አፍንጫ ያለው ነጋዴ የለም፤ ይህን ስል ጉራ አይደለም። የየሳጥኑን ልዩነት አውቄ ነበር። ከናናው በላይ መውጣቱን፣ ከልክ ማለፉን አውቄ ነበር። አንድ ጊዜ «ተሳስተሃል» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ይደነግጥ ነበር፤ ይያዝ ነበር፤ የአክስቴ ልጅም ይጠይቀው ነበር። እኔ ግን ደንበኛው ምን እንዳለ ነው የጻፍኩለት። ወንድሜ በኔ አፍንጫ ሲቀምም ኖሯል፤ አፍንጫዬን ደግሞ ለገበያው አበድሬው ነበር።

ከላይ እናቴ ወንበሯን ስትስብ ይሰማኛል። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ግንቦት 20

(ቅጂ)

ለወንድሜ ለአክስቴ ልጅ፣

ያንን ደረጃ ብቻህን ስለወጣህ፣ ያለ እኛ ስለቀበርከው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥህ። ይቅርታ የሚያስጠይቅህ የለም። የሚጠየቅ ካለ ከኔ ይጀመራል፤ ደብዳቤዎቼን አንተ ራስህ አንብበህለታል።

አሁን በምለምንህ ነገር አትሳቅብኝ። እውነቱን ስጠይቅህ ነበር፤ ሰጠኸኝ። አሁን ተቃራኒውን ነው የምጠይቅህ። አንድ ሳጥን በሰባ ጠብታ ቀምምልኝ። ወረቀቱን ተወው፤ ማስታወሻውን ተከተል። እናቴ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትጠብቃለች፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ባዶ ሆኖባታል። ሰሞኑን ልብስ ሰፊው ሲያልፍ እንዴት እንደተነሣች ብታይ ትረዳኝ ነበር። ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ቀሪ ዘመኗን «ልጄ አለፈ» እያለች ብትጨርስ ማንን ይጎዳል?

ጠርሙሶቹን አልሸጣቸውም። ለደንበኞቼ በነጻ አድላቸዋለሁ።

ታላቅ እህትህ

ሰኔ 9

ለማከብርሽ እትዬ፣

ቸርነቱ አይለያችሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ያልሽውንም አድርጌያለሁ።

መስኮቱን ከፍቼ ነው የቀመምኩት። ሰባ ጠብታ። ስልሳ አምስት ላይ ገና የኔ ነበር፤ ስልሳ ስምንት ላይም። ሰባኛው ሲገባ ክፍሉ ውስጥ እሱ ነበር። ሌላ አነጋገር የለኝም። በሙቀቱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እስከ አልጋው መጣ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አከራያችን ወደ ላይ ስትወጣ አለፈችኝ፤ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ሳትገባ ተመልሳ ወረደች።

አልልክልሽም፣ እትዬ። ለሌላው ሰው ሽቶ ነው፤ እኔና አንቺ ግን ምን እንደሆነ እናውቃለን። ያ የሱ ሽታ አይደለም። እሱ ያልሸተተው ነው። አክስቴን ልጇ በሞተበት ነገር ላታልላት አልችልም። ደፍቼዋለሁ፤ ጠርሙሱንም አጥቤዋለሁ።

ንገሪያት። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልነገርሻት በስሟ እጽፍላታለሁ፤ የሚያነብላት ጎረቤት አይጠፋም። ላስፈራራሽ አይደለም። እኔ ዘጠኝ ወር ይዤው ምን እንዳደረገኝ ስለማውቅ ነው።

ታናሽሽ

ሰኔ 24

ዛሬ ነገርኳት።

ምሳ ሰዓቱን መረጥኩ፤ ወንበሯን ከማስጠጋቷ በፊት። ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ። «ምነው ዘጋሽ?» አለችኝ።

«ላነጋግርሽ ነው።»

«ተቀመጪ እሺ። ቆመሽ የምትነግሪኝ ነገር ደህና ሆኖ አያውቅም።»

ተቀመጥኩ። ዙሪያውን ልዞር አስቤ ነበር፤ ቀጥታ ወጣልኝ። ስለ ጋዙ ነገርኳት። ስለ አፍንጫው ነገርኳት። ስለ ደብዳቤዎቼ ሳልጠየቅ ነገርኳት፤ ምንም አላስቀረሁም።

እናቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከታች ሰዎች ማለፍ ጀምረዋል። የሚሸተው ልክ የሆነው ቀትር ነው፤ ቀላል፣ ንጹሕ፣ ስሕተት የሌለበት። ወደ መንገዱ አልዞረችም።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«መስከረም 19። ማክሰኞ።»

«እኔ ያን ቀን ምን እየሠራሁ ነበር?»

«አላስታውስም።»

«ትጽፊ የለ? ያን ደብተርሽን አምጪው።»

ላመጣው አልፈለግሁም። «አምጪው» አለች ደግማ። ወርጄ አመጣሁት። ያን ዕለት የጻፍኩት ከአራት መስመር አይበልጥም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፦

«መስከረም 19። ሙቀት። አሥራ አራት ጠርሙስ ተሸጠ፣ ዘጠኙ ቀትር። እናቴ ጸጉሯን ታጥባ በረንዳ ላይ አደረቀች። ልብስ ሰፊው ከታች ሆኖ፣ እመይቴ፣ ባል ልፈልግልዎ ወይ አላት፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«የሳቅሁት ስንት ሰዓት ነው?»

«አልጻፍኩትም።»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«እናቴ፣ አልጻፍኩትም።»

ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ያንን ገጽ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ማንበብ አትችልም። ቀለሙ ላይ ደጋግማ ጣቷን አስኬደች፤ ሰዓቱን በጣቷ የምታገኘው ይመስል። ከዚያ ዘግታ መለሰችልኝ።

«ከእንግዲህ ሰዓቱን ጻፊ» አለች።

ሰኔ 24፣ ከቀኑ ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ። ለእናቴ ነገርኳት።